የያዘውን የሚለቅበት ፍጥነት

ጥቅምት 4 ቀን

ለተወደድሽ የወንድሜ ሚስት፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ቤትሽ ይግባ፤ መጀመሪያ የእናቴን ጉልበት ይሳም፣ ከዚያ አንቺን እንደምን ከረምሽ ይበልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ጆሮዬማ ድሮ ሄዷል። የምሠራበት ፋብሪካ ብረት ነክሶ የሚያዞረውን የቶርኖ ቻክ ያመርታል፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ከየዓይነቱ አንዳንዱን በወፍራም የብረት አጥር ውስጥ ከትቶ እስኪፈነዳ ድረስ ያሽከረክረዋል። ሌላው ሠርቶ ይከፈለዋል፣ እኛ ሰብረን። ስልክ ብትደውይልኝ እኔ «ሃሎ» እላለሁ፣ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ ከዚያ ይዘጋል። ስለዚህ ጻፊ።

ወንድሜ ትቶልሽ ያለፈው ቻክ አርጅቶ፣ ብረቱን የሚነክሱት መንጋጋዎች እየተንገጫገጩ ሥራ አበላሹብኝ ብለሽ ነበር። ለወንድሜ ቤት ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው? ይኸው ልኬልሻለሁ። ያገለገለ ነው። አካሉ ቀልጦ የፈሰሰ ጊዛ ነው፣ አዲሶቹ እንደሚሠሩበት ጠንካራ ብረት አይደለም። ግን እኔው ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ቅባት አብልቼ፣ አረንጓዴ ቀለም ግጥም አድርጌ ቀብቼዋለሁ። ሙሽራ መስሏል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ፊቱ ላይ የወንድሜን ስም በትልቁ አስቀርጪበት። ወደዚያ ወርክሾፕ የሚገባ ወንድ ሁሉ የማን ቤት እንደገባ ማሽኑ ራሱ ይንገረው። ሲያልቅ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።

የባልሽ ታላቅ

ህዳር 22 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ፈጣሪ በሰው አገር ይጠብቅዎ፣ እንደምን ከረሙልን? እማማ ጤና ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አላስወጣ ቢላቸውም አንደበታቸው እንደ ድሮው ነው። ደብዳቤዎን ሳነብላቸው የዕቃውን ወሬ ትተው «ከሳሁ ይላል ወይስ ወፈርኩ?» አሉኝ። ምንም አላሉም ብላቸው ተቆጡኝ።

ቻኩ በሰላም ደርሷል። ከመኪና ያወረዱት ተሸካሚዎች «የላከልሽ ሰው ቂም አለው እንዴ?» እስኪሉ ድረስ ከብዷቸዋል። ማሽኑ ላይ ሰቅዬ ስሞክረው ሦስቱም መንጋጋ እኩል ነከሰ። ወንድምዎ ካለፉ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ በእጄ አልገባም፤ እጅዎ ይባረክ።

ስሙንም እንዳዘዙኝ አስቀርጬያለሁ። ጣጣ የመጣው እዚያ ላይ ነው። ማህተም ቀራጩ ስሙ ጎልቶ ይታይ ብሎ ፊቱን ከነቀለሙ ሞርዶ አለሰለሰው። ከቀለሙ ሥር ፋብሪካው የመታበት የፍጥነት ልክ እንደነበረ ያወቅሁት «የሆኑ ቁጥሮች ነበሩ፣ አጥፍቼልሻለሁ» ብሎ ሲኮራብኝ ነው። ምን ልበለው፣ ስም እንጂ ቁጥር አልታዘዘም። እርስዎ ቀለሙን ሲቀቡ አይተውት ይሆናልና እባክዎ ይጻፉልኝ፤ ይህ ቻክ በደቂቃ እስከ ስንት ዙር ይችላል?

መቸኮሌ ወድጄ አይደለም። የክር ፋብሪካው የማሽን ቀበቶ የሚዞርበት የአሉሚኒየም ፑሊ አዞኛል፤ ፊቱ መስታወት ካልሆነ አልቀበልም ብሏል። አሉሚኒየም ደግሞ ማሽኑ ካልፈጠነ መስታወት አይሆንም። ልኩን እስካውቅ ድረስ እያዘገምኩ ነው።

ፎቶውን ከዚሁ ጋር ልኬያለሁ። እማማ ከእግር እስከ ራስዎ መርቀውዎታል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ሚስት

ጥር 9 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

የእናቴ ምርቃት ከቤትሽ አይራቅ፣ በሽታና ወሬኛ ደጅሽን አይርገጥ። አልከሳሁም አልወፈርኩምም በይልኝ። እዚህ አገር ሰው ባለበት ነው የሚያረጀው።

ፎቶው ደርሶኛል። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ ምድጃውና መስኮቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚኖሩት። መስኮቱ ሥር አስጠግቼ አየሁት። የወንድሜን ስም አነበብኩ፣ አምሯል። ከስሙ በስተቀኝ ደግሞ እጅ አየሁ። የወንድ እጅ ነው። ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል፣ አንጓው ላይ ፍንጣሪ የነደፈው ጠባሳ ሞልቶታል። የወንድሜን ስም እንደ ገዛ ቤቱ በር ተደግፎታል። የማን እጅ ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። መጀመሪያ የእጁን ነገር አስረጂኝ። የባል ወንድም ዋርሳ የተባለው ለጌጥ አይደለም፤ ወንድሜ በሌለበት የቤቱን ነገር የምጠይቅ እኔ ነኝ።

የቁጥሩ ነገር አያስጨንቅሽ። ቀለሙን የቀባሁት አንብቤው ነው። የተደፈነው ጆሮዬ ነው፣ ራሴ አይደለም።

የባልሽ ታላቅ

የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ። እጁ የበያጁ ነው። ከወርክሾፑ ጎን በሯ ወደ መንገዱ የምትከፈት ጠባብ ክፍል አለችው፣ በርና መስኮት ይበይዳል። ፎቶ አንሺው ብርሃን ሲያንሰው መብራት እንዲይዝለት ለመነው። አንዱ እጁ መብራት ያዘ፣ ሌላው ማረፊያ አጥቶ እዚያ አረፈ። ሌላ ነገር የለውም። ወንድምዎ አልጋ ላይ ሳሉ ጀርባቸውን ያገላብጥ የነበረው ይኸው ሰው ነው፤ እማማም ያውቁታል።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልለምንዎ። ፋብሪካው የመጀመሪያዎቹን ፑሊዎች መለሰብኝ። ዕቃ ተረካቢው ፊታቸውን በጥፍሩ ፈቅፍቆ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ይሄ መስታወት ነው ወይስ ሞረድ?» አለኝ። አፍሬ ተሸክሜ ተመለስኩ። በዚህ ከቀጠልኩ ሥራውን ወደ ሌላ ቶርኖ ቤት ይወስደዋል፤ እኔና እማማ ደግሞ የምንኖረው ከዚሁ ነው። በግምት እንዳላፈጥነው፣ የጊዛ ቻክ ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ሌላም አለ። ፑሊው ሰፊ ስለሆነ መንጋጋዎቹ ከቻኩ አካል ወጣ ብለው ነው የሚይዙት፤ ግማሻቸው ውጭ ነው። እንዲህ ሲሆን ልኩ ያው ነው ወይስ ይቀንሳል? ይህንንም ጨምረው ይጻፉልኝ። በየቀኑ እየፈራሁ ማሽን ማስነሳት ሰልችቶኛል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ሚስት

ሚያዝያ 18 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

መቆየቴን አትቀየሚ። የምጽፈው አጥቼ አይደለም፤ ለማን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ነው። ለወንድሜ ሚስት ነው? ወይስ መብራት ለሚያዝላት ሴት?

ያ ሰው የወንድሜን ጀርባ ማገላበጡን ነገርሽኝ። እግዜር ይስጠው። የበሽተኛ ጀርባ የሚያገላብጥ ሰው ግን እያደር አልጋውንም ይለምደዋል። እኔ ሩቅ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

ስለ ፍጥነት አብዝተሽ ጻፍሽልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ያንቺም ፑሊ ቀስ ብሎ ቢላጥ ምን ይለዋል? ዕቃ ተረካቢው ቢሰድብሽ ስድብ አይገድልም። እኔ እዚህ ስንት ዓመት ስሰደብ ኖሬ ይኸው አለሁ፤ መስማት ሳቆም እንኳ ከአፋቸው እንቅስቃሴ አውቀው ነበር።

በየቀኑ የማየውን ልንገርሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ቻክ ግን ሞኝ አይደለም፤ ፍጥነት ሲበዛበት ይለቃል። ስለዚህ ነው ልክ የሚበጅለት። ባሏ የሞተባት ሴትም ልክ የሚያበጅላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ሌላ የለሽም።

እንግዲህ ይህን አድርጊ። የበያጁ እግር ከወንድሜ ወርክሾፕ ይውጣ። ሌላ ባል እንደማታገቢም በእናቴ ስም ምለሽ ጻፊልኝ። ቁጥሩን የማውቀው ለወንድሜ ቤት ነው። ለበያጅ ቤት የሚሆን ቁጥር የለኝም።

እናቴን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ከክፉ ምክር ይጠብቅሽ።

የባልሽ ታላቅ

ግንቦት 11 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት።

በያጁ ከወርክሾፑ ወጥቷል። ሌላ ባል አላገባም፤ በእማማ ስም እምላለሁ።

ያዘዙትን ፈጽሜያለሁ። ፋብሪካው የመጨረሻ ቀን ቆርጦልኛል፣ ካለፈ ሥራውን ይነጥቀኛል። ቁጥሩን ይላኩልኝ። መንጋጋው ሲወጣ ልኩ ይቀንስ እንደሆነም አይርሱብኝ፤ ፑሊው ያው እንደነገርኩዎ ሰፊ ነው።

የወንድምዎ ሚስት

ሰኔ 3 ቀን

ለተወደድሽው፣ ለቤታችን ምሰሶ፣

እንዲህ ነው እንጂ! ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን እመልሳለሁ ብዬ ይኸው ምሳዬን ትቼ ተቀምጫለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም፣ የነካሽው ይባረክ። ሰው ሲታዘዝ እንዴት ደስ ይላል።

ቁጥሩ ሺህ ሁለት መቶ ነው። ቁጥር ማለት ቁጥር ነው፤ ከእሱ በታች እስከሆንሽ ድረስ እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ለተረካቢው መስታወቱን ስጪውና የገዛ ፊቱን ይይበት፤ ከዚያ በኋላ ሰው ላይ አፉን አይከፍትም።

አንድ የምሥራችም አለኝ። ጡረታዬ ሊፈቀድ ነው። እዚህ ምን አለኝ? ሰው ስሜን ሲጠራ የማልሰማበት አገር ነው። ጠቅልዬ እመጣለሁ። ወርክሾፑንም አንድ ላይ እንይዘዋለን፣ አንቺ ታዞሪያለሽ፣ እኔ ልኩን እነግርሻለሁ። ወደ መንገዱ ያለውን ክፍል አስጠርጊልኝ። አዲስ አልጋ እገዛለሁ ብለሽ ግን እንዳትደክሚ፤ የወንድሜ አልጋ አለ።

ለእናቴ ወፍሯል በያት፣ ደስ ይበላት።

የባልሽ ታላቅ

ነሐሴ 1 ቀን

ጋሼ፣

እንደምን ነዎት ብዬ መጀመር አቃተኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። በያጁ ሞቷል።

ቁጥርዎ ሲደርሰኝ እስከ ሺህ ሁለት መቶ አላወጣሁትም። ፍርሃቱ ስላልለቀቀኝ ዘጠኝ መቶ ላይ አደረግሁት። የመጀመሪያው ፑሊ ፊቱ መስታወት ሆኖ ወጣ። እንደ ልጅ ፊቴን አየሁበትና ሳቅሁ፤ እሱንም ጠርቼ አሳየሁት። አዎ፣ እዚያው ነበር። አልወጣም፤ ዋሽቼዎታለሁ። ፑሊውን ተቀብሎኝ ጥርሱን አየበትና «የብየዳ ብልጭታ ያቃጠለው ፊቴ ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ።

ሁለተኛውን አሰርኩ። ቁልፉን እስከ አቅሜ አጠበቅሁት፤ አጠበቅሁት ወይ ብዬ ደግሜ አየሁት። ምላጩን ሳስጠጋ ማሽኑ መዝፈን ጀመረ። ቶርኖ የሚዘፍነው የያዘው ዕቃ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ መልካም አይደለም። ማጥፊያው ከቻኩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ነው፤ ማሽን ሲዞር እዚያ መስመር ላይ ሰው እንዳይቆም እኔ ራሴ ስንቱን አባርሬያለሁ። እኔ ምላጩን እስክመልስ እሱ ዘሎ እጁን ሰደደ። ፑሊው ከመንጋጋዎቹ ሾልኮ ወጣና አንገቱ ሥር መታው። እጁ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። ማሽኑን አጥፍቶ ነው የወደቀው። በደቂቃ ውስጥ አለቀ።

ሰው ሁሉ ቻኩ ተሰብሮ ነው ይላል። አልተሰበረም። ከቀብር መልስ በእጄ ፈተሽኩት፤ አካሉ አልተሰነጠቀም፣ መንጋጋዎቹ ደህና ናቸው፣ ልክ እንደላኩት ነው። ታዲያ ዘጠኝ መቶ ላይ የያዘውን ለምን ለቀቀ? ሁለት ጊዜ ጠይቄዎ ነበር። ሦስተኛ ልጠይቅዎ፤ መንጋጋው ሲወጣ ልኩ ይቀንሳል?

የወንድምዎ ሚስት

መስከረም 15 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

የሞተውን ነፍስ ይማር፣ የቀረሽውን ያጽናሽ። እንባሽን ፈጣሪ በደስታ ይለውጠው። ማልቀስ ያስፈልጋል፣ አልቅሺ። ግን ከልክ አትለፊ፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ጥያቄሽን ልመልስ። ይቀንሳል። መንጋጋው ያንን ያህል ከወጣ በግማሽ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ከግማሽ በታች ይወርዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቻክ ሲፈጥን መንጋጋዎቹ በገዛ ክብደታቸው ወደ ውጭ መሸሽ ይጀምራሉ። ቆሞ ሳለ እስከ አቅምሽ ያጠበቅሽው፣ ሲዞር ላልቶ ይገኛል። ብዙ በወጡ መጠን ብዙ ይሸሻሉ፤ ፑሊው ሲከብድማ ይብሳል። እኛ ክፍል ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ ዛሬ የተቀጠረ ሠራተኛም ያውቀዋል። ዘጠኝ መቶ ለአካሉ ምንም አይደለም። አልተሰነጠቀልሽም አይደል? ጥሩ ዕቃ ነው የላክሁልሽ።

ለምን አልጻፍክልኝም ትይ ይሆናል። የግንቦቱ ደብዳቤሽ ጥጉ ላይ የተቃጠለች ቀዳዳ ነበረችበት፣ የመርፌ ራስ የምታህል። ያቺን ቀዳዳ አውቃታለሁ፤ የብየዳ ፍንጣሪ ናት። በያጅ ከወጣበት ቤት ፍንጣሪ ከየት ይመጣል? ያውም በእናቴ ስም በማልሽበት ወረቀት ላይ! አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እየሠራ ነው የጻፍሽልኝ። ምናልባትም አብራችሁ ስቃችሁብኛል።

ስለዚህ አንቺ ቁጥሩን ጠየቅሽኝ፣ እኔም ቁጥሩን ሰጠሁሽ። እውነተኛ ቁጥር ነው። የቀረውን ያስቀረሁት ለታማኝ ሰው ነው። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም፣ ይህንን ፈጣሪ ያውቃል። ሥራው ይበላሻል፣ ፑሊው ግድግዳ ይመታል፣ ትደነግጫለሽ፣ ያኔ የሚያውቅ ሰው ከጎኔ ያስፈልገኛል ትያለሽ ብዬ ነበር። እዚያ መስመር ላይ ቁም ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ይህን እያነሱ መጣል አይጠቅምም፣ ያለፈው አልፏል። ጡረታዬ ተፈቅዷል፤ ዕቃዬን እያሰርኩ ነው። እኔ ምንም አልያዝኩብሽም፣ ውሸትሽንም ይቅር ብያለሁ። ክፍሉን አስጠረግሽው?

የባልሽ ታላቅ

ጥቅምት 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እንደ ሁልጊዜው ለእማማ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱንም አልዘለልኩም።

ከበያጁ ጋር የተጋባነው ቻክዎ ከመድረሱ በፊት ነው። በእናትዎ ስም ስምልልዎ ሚስቱ ነበርኩ። የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። «ልጄ ሞተ፤ አንቺ ደግሞ አብረሽው አልሞትሽም» ብለው እሱን ቤት ጠርተው፣ እጄን በእጁ ላይ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው የጠናባቸው ቀን አዝሎ ደረጃውን የሚያወርዳቸው እሱ ነበር። ሲያዝላቸው ይሰድቡታል፣ ሲያወርዳቸው ይመርቁታል። ያን የመሐላውን ደብዳቤ ስጽፍ እማማ አጠገቤ ነበሩ፤ ብዕሩ አልሄድ ሲለኝ «በእኔ ስም ጻፊለት፣ ኃጢአቱን እኔ እወስዳለሁ» አሉኝ።

ለእርስዎ እንዳንነግር የከለከሉንም እሳቸው ናቸው። «ለታላቁ አትንገሩት፤ የወለድኩትን አውቀዋለሁ» አሉ። እኔ ተከራክሬያቸው ነበር። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ብቸኝነት ነው የሚያናግራቸው አልኳቸው። ባለቤቴም ደገፈኝ። «ሲመጡ እግራቸው ላይ ወድቄ እነግራቸዋለሁ፣ ሰው አይደሉ እንዴ፣ ይገባቸዋል» ይል ነበር። እንዲህ ብሎ የሚያምንዎ ሰው ነው የቀበርኩት። አንድ ቀን እንኳ አልሳቀብዎትም።

ሁለት ባል ቀብሬያለሁ። የመጀመሪያውን በሽታ ወሰደው፣ ማንንም አልጠላሁ። እርስዎን ግን እጠላዎታለሁ። አንዲት መስመር ነበረች። ቀለሙም ወረቀቱም እጅዎ ላይ ነበሩ።

እማማ ስለ ቀዳዳዋ የጻፉትን ደግሜ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብኩ። አላለቀሱም። ከዚያ ወረቀት አምጪ አሉኝና ይህን አሉ፤

«እናትህ ነኝ። ሁለት ወንድ ወለድኩ፣ ታናሹን አፈር አለበስኩት። በስተርጅናዬ ሦስተኛ አገኘሁ፣ እሱን አንተ ቀበርክብኝ። ከእንግዲህ ልጅ የለኝም። አትምጣ። ሞተች ሲሉህም አትምጣ፤ ሬሳዬን የሚሸከም ጎረቤት አላጣም። በሬን ብታንኳኳ የማይሰማው ጆሮ የእኔ ይሆናል።»

ቃላቸው ነው፣ ከራሴ አልጨመርኩም። መጨረሻው ላይ እንደወትሮው ምርቃት ላክልበት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አይሆንም አሉ።